የዓለሚቱ ወንዶ ገነት

ዓለሚቱን ወንዶ ገነት ወስደን ፍል ውሃ ልናስገባት ያቀድነው አራት ሰዎች ነን፤ ከአራታችን አንዳችንም ስለ ውሃው አላሰብንም። ያሰብነው ከሆሳዕና አርቀን፣ ተራራው ሥር ጫካ መሃል አስቀምጠን፣ ልጇ መሞቱን ልንነግራት ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በእኔ ሱቅ ነው። በዚህ ከተማ ስንቱ ነገር በእኔ ሱቅ እንደሚጀመር ቀበሌው ቢያውቅ ኖሮ ገና ድሮ ያሽገው ነበር። ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው፤ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ማክሰኞ፣ ቀኝ እጁ ከክርኑ በላይ የተቆረጠ ወጣት የወታደር ካፖርት ደርቦ ገባና ክብሪት ጠየቀኝ። ሰጠሁት፤ አልሄደም። ጨው እንዳለኝ ጠየቀኝ። ጨው የሚሸጠው የቀበሌ ሱቅ እንደሆነ፣ እሱም የሚሸጠው ሲኖረው እንደሆነ ነገርኩት። አሁንም አልሄደም።

"አንተ ልጅ፣ የሰው ሱቅ በር ላይ ተገትሮ መዋል ሥራ ሆነ እንዴ?" አልኩት። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ምላሴ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚነሳው።

"የተገኘን እናት ያውቋታል?" አለኝ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። በእኛ አገር የሞት ወሬ የያዘ ሰው በቀጥታ ሟች ቤት አይገባም፤ መጀመሪያ ጎረቤት ይፈልጋል። ደህና ወሬ ቢይዝ ኖሮ ዓለሚቱ ቤት ከእኔ ሱቅ ቀጥሎ ነው፤ ሄዶ ያንኳኳና ቅቤ የጠገበ ቆጮ ይበላ ነበር። ወንበር ሰጥቼው በሩን ገርበብ አደረግሁት።

ዳኘ ይባላል፤ የቦኖሻ ልጅ ነው። ከተገኘ ጋር አንድ ቀን ታፍሰው፣ አንድ ማሠልጠኛ ገብተው፣ ናቅፋ ፊት ለፊት አንድ ምሽግ ውስጥ ከርመዋል። ተገኘ የሞተው በጥር ነው። ዳኘ እጁን ያጣው ከዚያ በኋላ ነው።

"ስቀብረው ሁለቱም እጄ ነበረኝ፤ በደንብ ነው የቀበርኩት። ይህን ለእናቱ ይንገሩልኝ" አለኝ። ከዚያ ሻይ እንኳ ሳይቀምስ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ፣ ሾልኮ ወጣ። አልፈረድኩበትም። መርዶውን ከትከሻው አውርዶ እኔ ትከሻ ላይ ጭኖት ሄደ፤ ነፍሱ ቀልሎለት ይሆናል።

ከዓለሚቱ ጋር በአጥር ተዋስነን ሃያ ዓመት ኖረናል። እሷ ሐድያ፣ እኔ ጉራጌ፤ እሷ ጴንጤ፣ እኔ የማርያም ልጅ። ጸበል ስሄድ ባየችኝ ቁጥር "ውሃ እኮ ቤትሽ አለ" ትለኛለች፤ እኔም "አንቺ ደግሞ መዝሙርሽን ቀንሺ፣ ዶሮዎቼ እንቁላል አቆሙ" እላታለሁ። ቤተ ክርስቲያናቸው በካድሬ ከታሸገ ወዲህ ግን እንዲህ ማለቱን ትቼዋለሁ፤ ጓዳዋ ሆና በሹክሹክታ ስትዘምር ስሰማ ጮክ ብላ እንድትዘምር ነበር የሚያምረኝ። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከቤቷ ጀርባ ባለው እንሰትና ገበያ በምትሸጠው ቅቤ ሁለት ልጅ አሳደገች። ጵርስቅላ ግብርና ቢሮ ጸሐፊ ሆነች። ተገኘን ከአሥራ አንደኛ ክፍል፣ ከኳስ ሜዳ፣ ከነቁምጣው ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት።

ወሬውን ይዤ የሄድኩት ኤሊያስ ዘንድ ነው። ኤሊያስ የዓለሚቱ ታናሽ ወንድም፣ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ግን ፍርሃቱ ከደግነቱ አንድ እርምጃ ይቀድማል። በማግስቱ እሱና ጵርስቅላ፣ የዓለሚቱ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የነበሩት ጋሽ ጠናም ሆነው፣ ከሱቄ ጀርባ ባዶ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ጵርስቅላ አፏን በነጠላዋ ጠቅጥቃ ነበር የምታለቅሰው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ለወንድሟ እንዲህ ስታለቅስ ማየት አሁንም ከፊቴ አይጠፋም።

እንግዲህ ሰው የሚጠይቀው፣ ለምን ወግ ባለው መንገድ አልነገራችኋትም ነው። ወጉማ የታወቀ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ በሯን ያንኳኳል፣ ሽማግሌ አንዲት ቃል ይናገራል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሕዝቡ አብሮ ይሸከመዋል። ለዚያ ነው መርዶ ብቻውን ሄዶ የማይነገረው። ግን በዚያ ወር ቀበሌው ስብሰባ ጠርቶ፣ የመንግሥት ወረቀት ሳይመጣ በግንባር ላለ ወታደር ማልቀስ ክልክል ነው ብሎ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አዲስ ዙር ምልመላ ሊጀመር ነው፤ ለቅሶ በተሰማበት ሰፈር ወንድ ልጅ አያድርም፣ ሁሉም ወደ ገጠር ዘመዱ ይነጉዳል። ከእኛ በታች ያለችው እታለም የልጇን ሞት ሰምታ ስትጮህ ድንኳኑን አፈረሱባት። እሷንስ አልነኳትም። የነገራትን አጎቷን ነው "አሉባልታ ነዛ" ብለው የወሰዱት፤ ከወር በኋላ ሲመለስ ሰው በጠራው ቁጥር ይደነግጥ ነበር።

"ከዚህ ማራቅ ነው" አለ ኤሊያስ። "ጉልበቷን ሁልጊዜ ያማታል። ለሪህ ወንዶ ገነት ፍል ውሃ ጥሩ ነው ተብሎ ሐኪምም ሰውም ሲነግራት ኖሯል። ሁለት ሦስት ቀን ነው። እዚያ የሚያስተምር ጓደኛ አለኝ፣ ቤቱን ይለቅልናል። ጫካ ነው፤ ብትጮህም የሚሰማት ዝንጀሮ ነው።"

"መርዶ በሰው አገር ይነገራል?" አልኩ። "ማን አብሯት ያለቅሳል? ዝንጀሮው?"

"እትዬ ትርፊት፣ እዚህ ብትጮህ ምን እንደሚሆን እርስዎም ያውቃሉ።"

ጋሽ ጠና ሁላችንንም አዳመጡ። እሳቸው በሃይማኖታቸው ስድስት ወር ታስረው የወጡ ሰው ናቸው፤ ዝምታቸውን ከዚያ ነው ያመጡት። በመጨረሻ "ነገሩ ደስ አይልም፤ ግን እኔም ሌላ የማውቀው የለኝም" አሉ። እኔም የማውቀው አልነበረኝም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ተስማማሁ።

ዕቅዱ እንዲህ ነበር። በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት በአውቶቡስ በዱራሜ አድርገን አላባ፣ ከአላባ ሻሸመኔ፣ ከዚያ ወንዶ ገነት። እሁድ ትታጠብ፣ ትረፍ፣ ትብላ። ሰኞ ማለዳ ጋሽ ጠና ይንገሯት። ማክሰኞ መመለስ። መሸኛውን ኤሊያስ ራሱ ከቀበሌ አወጣ፤ ሊቀመንበሩ ገብረክርስቶስ "ለሕክምና" የሚለውን አንብቦ፣ "ለእኔም ወገብ ጸልዩልኝ" ብሎ ቀልዶ ማኅተሙን መታው። ጴንጤ ላይ ሲቀልድ ደስ ይለው ነበር።

ለዓለሚቱ የነገርናት ኤሊያስና እኔ ነን። እንሰት እየፋቀች አገኘናት። እግሯን ዘርግታ፣ ጀርባዋን ግንዱ ላይ አስደግፋ፣ ከሥራዋ ቀና ሳትል ሰማችን።

"ጉልበቴን ሃያ ዓመት ችዬዋለሁ፤ ዛሬ ምን አግኝቷችሁ ነው?" አለች። "ደግሞ አንቺ ጸበል ልታጠምቂኝ ነው አይደል?"

"ጸበል አይደለም፤ ተራ ሙቅ ውሃ ነው። መልአክ የለበትም፤ አይዞሽ" አልኳት።

"ያልተቀበረ ቆጮ አለኝ። የትም አልሄድም።" አለችና መፋቋን ቀጠለች። ኤሊያስ እኔን አየኝ፣ እኔም እሱን። እሷ እኛን ታየን እንደነበር አላወቅንም።

ሐሙስ ነበር ይሄ። በሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ አጥሩ ላይ መጥታ ጠራችኝ፤ ፊቷ በርቷል። "እሄዳለሁ" አለችኝ። "ጉልበቴን በጣም አሞኛል፤ እሄዳለሁ።" አለችኝና ሳቀች። ጉልበቱን አሞት የሚስቅ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ብቻ እሺ ማለቷ ራሱ አስደሰተኝና፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ አብሬያት ሳቅሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓለሚቱ ሌላ ሰው ሆነች። ልጁ ከሄደ ወዲህ ቀን ላይ ስትዘምር ሰምቻት አላውቅም፤ አሁን ግን ምጣድ ስታሰማ፣ ቅቤ ስትንጥ፣ ለራሷ ስታዜም እሰማለሁ። ድምጿ አጥሩን አልፎ ሱቄ ይገባል፤ እኔ ደግሞ ለገበያተኛ ስመዝን እንኳ ሚዛኑን በትክክል መያዝ አቃተኝ። ጵርስቅላ ወደ ቢሮ ስትሄድ ቁርስ ሳትበላ ትወጣለች፤ እናቷ ፊት መቀመጥ አልቻለችም።

ማክሰኞ ቤቷ ሄድኩ። ለመንገድ የምታዘጋጀውን ልርዳት ብዬ ነው። መደቡ ላይ ያየሁትን አሁንም አያለሁ። ለሦስት ቀን መንገድ ሁለት ሰው ተሸክሞ የማይችለው ስንቅ ተደርድሯል። በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ፣ አንድ ቅል ሙሉ ቅቤ፣ አይብ፤ ለመስቀል ብቻ ከጓዳ የምታወጣው ነጭ ቡላም አለ። ከጎኑ የተገኘ ሹራብ ታጥቦ ተጣጥፏል። የተገኘ ጫማ ቅባት ተቀብቶ ያብረቀርቃል።

"ዓለሚቱ፣ ይሄ ሁሉ ለማን ነው?"

"ለጉልበቴ" አለችና እንደገና ሳቀች። ከዚያ በሩን ዘጋችና እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። "ትርፊት፣ እኔ ሞኝ እመስልሻለሁ? ያ ወታደር ከሱቅሽ ሲወጣ አይቼዋለሁ። ባዶ እጅጌው ሲወዛወዝ አይቼዋለሁ። በማግስቱ ወንድሜና ልጄ፣ ጋሽ ጠናም፣ ጓሮሽ ገብተው ሲንሾካሾኩ አይቻለሁ። ያን ሌሊት ልሞት ምንም አልቀረኝም። ሞቷል አልኩ። ጎህ እስኪቀድ ቁጭ ብዬ በሩን ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም። ይልቅ መጥታችሁ ወንዶ ገነት አላችሁኝ! ሁለት ቀን አሰብኩ፣ ከዚያ ገባኝ። ለመርዶ ሰው ፍል ውሃ አይወስዱም። እንዲህ የሚያደርግ ዘመድ የለም። ቁስለኛ ነው፤ ቁስለኞቹን እዚያ ነው አይደል የሚያሳርፏቸው? ልታስደስቱኝ ደብቃችሁኛል። አትንገሪኝ። ማወቄንም አትንገሪያቸው፤ ደስታቸውን አላበላሽባቸውም።"

እንግዲህ ይህን ስሰማ ምን ማለት ነበረብኝ? ወጉን ብንጠብቅ ኖሮ ያን ጎህ በሯን አንኳኩተን አብረናት እንጮህ ነበር። ወጉን ስለተውነው ልጇን ከሞት አስነሳንላት። ራሴን አመመኝ ብዬ ወጣሁ፤ ውሸትም አልነበረም።

ሦስቱን ሰብስቤ ነገርኳቸው። ኤሊያስ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ቢሆንም ቅዳሜ ሩቅ አይደለም" አለ። "እንዳቀድነው እንሂድ። እዚያ..."

"እዚያ ምን?" ጮህኩበት። "ከአውቶቡስ ወርዳ ልጄ የታል ስትል ማን ነው የሚመልስላት? አንተ ነህ? ጫማውን ይዛ በየአልጋው ስትዞር ከኋላዋ እየሄድክ ስንቅ ትሸከማለህ?"

"ትናንት ፀጉሬን ሠራችልኝ" አለች ጵርስቅላ ከጥግ። "ወንድምሽ ሲያይሽ... ብላ ጀመረችና አፏን ያዘች፤ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። እትዬ፣ ትንሽ ቀን ትሳቅ። እባካችሁ። ከዚያ በኋላ መቼ ትስቃለች?"

ልጅቱም ልክ ናት፤ እኔም ልክ ነኝ፤ የተገኘ ሞት ግን አንዳችንንም አይጠብቅም ነበር። ጋሽ ጠና ቆርጠው ተናገሩ። "ዓርብ ጎህ ሲቀድ እዚሁ እንነግራታለን። እንደ ወጉ፣ እንደ ሰው። ቀበሌ የሚያደርገውን ያድርግ፤ ተናጋሪው እኔ ነኝ፣ እስር ቤቱን ደግሞ አውቀዋለሁ።" ኤሊያስ አንገቱን ደፋ። እኔ እጃቸውን ሳምኩ፤ የጴንጤ ሽማግሌ እጅ ስስም ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ዓርብን ግን አልደረስንበትም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዓለሚቱ ወደ ሱቄ መጣች። ፀጉሯ ላይ አዲስ ቅቤ ተቀብታለች፤ ነጠላዋ ታጥቦ ነጭ ሆኗል። ሁለት ገበያተኞች ነበሩ፤ እስኪወጡ ዕቃ የምትመርጥ መስላ ጥግ ቆመች። ሲወጡ ወደ ባንኮኒው ተጠጋችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ "አንድ ፓኬት ኒያላ ስጪኝ" አለችኝ።

የሰማሁትን አላመንኩም። ይህች ሴት ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ሱቄ ውስጥ ካለ ውጭ ቆማ የምትጠብቅ ናት። ተገኘ አንድ ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር ሲያጨስ ይዛው ሁለት ቀን አላናገረችውም።

"ወታደር ያጨሳል አሉ" አለች። አፍራ መሬት መሬት ታያለች፤ ግን ከንፈሯ ፈገግ ብሏል። "ጌታ ይቅር ይበለኝ። እዚያ ብርድ ውስጥ ለምዶ ከሆነ ከእኔ ተደብቆ ጓሮ ለጓሮ አይሂድ። እናትህ ታውቃለች፣ አልተቆጣችም እንድለው ነው። ደግሞ..." ቀና ብላ አየችኝ። "አትንገሪኝ ብያለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም። አንዲት ነገር ብቻ። እጁ ነው ወይስ እግሩ? እጁ ከሆነ እኔ እለኩስለታለሁ። ዓይኑ ብቻ አይሁን።"

ሲጋራው እጄ ላይ ነበር። ነገ ጎህ፣ ሽማግሌ፣ ሕዝብ፣ ወግ፣ ሁሉንም አውቀዋለሁ። ግን ሰው ስንት ጊዜ ይዋሻል? እጁ ነው ብላት አንድ ሌሊት ሙሉ እጅ ለሌለው ልጇ ስትጨነቅ ልታድር ነው። አላውቅም ብላት አታምነኝም። ዝም ብላት ዓይኑ ነው ልትል ነው።

"ዓለሚቱ" አልኳት፣ "ተገኘ የለም።"

"የት ሄደ?" አለች።

"ሞቷል። በጥር ነው የሞተው። ዳኘ የሚባል የቦኖሻ ልጅ፣ ያ ያየሽው፣ በሁለት እጁ በደንብ ቀብሮታል።"

ብቻዋን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ባንኮኒ ላይ ተደግፋ ሰማችው። ለጠላቴም እንዲህ አይነገረው። ባንኮኒውን ዞሬ ልይዛት ስወጣ ተንቀሳቀሰች፤ ግን ወደ እኔ አልነበረም። ወደ በሩ ሄደች፣ ደረጃውን ወረደች፣ መንገዱ መሃል ቆማ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። አንድ የጭነት መኪና ቆሞ ጠበቃት። ከዚያ ጮኸች።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ። ሰፈሩ ያን ጩኸት ሲጠብቅ ነው የከረመው። ሁሉም ያውቅ ኖሯል፤ ጓሮ ለጓሮ ሰምቶ፣ እኛ እንደደበቅነው እሱም ደብቆ ተቀምጦ ኖሯል። ሴቶቹ ሊጥ በእጃቸው እንደያዙ ወጡ። ልጇ በሞተባት ጊዜ ድንኳን የፈረሰባት እታለም ከሁሉም ቀድማ ደርሳ፣ አቅፋት አስፋልት ያልነካው አቧራ ላይ አብራት ወደቀች፤ የዚያን ጊዜ ያላለቀሰችውንም ጭምር ያለቀሰች መሰለኝ። ጵርስቅላ ከቢሮ እየሮጠች መጣች። ደግፈን ቤቷ አስገባናት። መደቡ ላይ ያለውን ስንቅ የት እንደምናደርገው ጨነቀን፤ ኋላ አንድ ሰው ነጠላ ጣለበት።

ሊቀመንበር ገብረክርስቶስ ሁለት አብዮት ጥበቃ አስከትሎ የመጣው ወዲያው ነው። ቤቱ፣ ግቢው፣ አጥሩ ውጭም ሰው ሞልቷል። ሰው መንገድ ለቀቀለት እንጂ አልተነሳለትም።

"ወረቀት መጥቷል?" አለ። "ወረቀት ካልመጣ ይሄ ለቅሶ አይደለም፤ አሉባልታ ነው። ማነው የነገራት?"

ጋሽ ጠና ከተቀመጡበት ሊነሱ እጃቸውን መሬት አስደገፉ። እኔ ግን ቀደምኩ። ፈርቼ አልነበረም ማለት አልችልም፤ ሱቁ፣ ባሌ፣ ልጆቼ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊቴ መጡ። ቢሆንም ቆሜ አፌን ከፈትኩ።

"ማንም አልነገረኝም።"

ዓለሚቱ ናት። ከሴቶቹ መሃል ቀና ብላ፣ ቅቤው በግንባሯ እየወረደ፣ ሊቀመንበሩን አየችው። "ማንም አልነገረኝም። እናት ናት የምታውቀው። ልጅህ ያለበትን አንተም ታውቃለህ፤ ሚስትህን ሂድና ጠይቃት።"

የሱም ልጅ እዚያው ሰሜን ነበር። ገብረክርስቶስ ዓይኑን ከእሷ ላይ አነሳ። ከዚያ "ድምፅ ቀንሱ" አለና ወጣ። አብዮት ጥበቃዎቹ ተከተሉት፤ አንደኛው ሲወጣ ጠመንጃውን ወደ መሬት አዙሮ ነበር።

እኔ ተንበርክኬ እጇን ያዝኩ። ምን እንደምላት አላውቅም ነበር፤ ላመሰግናት ይሆናል፣ ይቅርታ ልጠይቃት ይሆናል። እጇን ቀስ ብላ ሰበሰበች።

"ያ ወታደር ከመጣ ስንት ቀን ሆነው?" አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ እመርጥ ነበር።

ከእንግዲህ አልዋሻትም ብዬ ነበር። "ዘጠኝ ቀን" አልኳት።

"ዘጠኝ ቀን" አለች። ዞር ብላ ለሴቶቹ በሐድይኛ ደገመችላቸው። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ሙሾ አወጣች። ጋሽ ጠና "እህቴ፣ እኛ እንዲህ አናለቅስም" ብለው ጀመሩ፤ አልሰማቻቸውም፣ እሳቸውም ተዉት። ሐድይኛ አሳምሬ እሰማለሁ። ልጄ አፈር ለብሶ ተኝቷል አለች። ሁሉም ያውቅ ነበር አለች። ቅቤ ተቀባሁ፣ ጫማውን ወለወልኩ፣ የሚያውቁት አብረውኝ ሳቁ፤ ልጄ አፈር ለብሶ እኔ ዘጠኝ ቀን ሳቅሁ አለች።

በሙሾ አልቃሿ ታወጣለች፣ የተቀመጠ ሁሉ ይቀበላል። ጎረቤት ሆኖ ተቀምጦ አለመቀበል ነውር ነው። ሴቶቹ ተቀበሏት፤ እታለም ተቀበለች፤ ጵርስቅላ ተቀበለች። ዓለሚቱ ዓይኗን ገልጣ እኔን ታየኝ ነበር። እኔም ድምፄን ከድምፃቸው ጋር አውጥቼ፣ የሚያውቁት አብረዋት ሳቁ፣ ልጇ አፈር ለብሶ ዘጠኝ ቀን ሳቀች ብዬ ተቀበልኩ።